ስለ ኢሶኮ ሕዝብ ኑሮና ልማድ

ልጆች ሆይ፤ እግዚአብሔር ምድርን ለሰው ልጆች ሲሰጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት አገር አልሰጠም። ለአንዱ ተራራና ብርድ ደረሰው፤ ለሌላው ሜዳና ሙቀት፤ ለአንዱ ምድረ በዳ፤ ለሌላው ረግረግና ጫካ። ሰውም ሁሉ እንደ አገሩ ጠባይ ቤት መሥራትን፥ እህል ማብቀልንና ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖርን ተማረ። ስለዚህ የሩቅ ሰዎችን ኑሮ ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይጠቅምም። የሌላውን ልማድ ያወቀ ሰው የራሱን ልማድ መመርመር ይችላል፤ ከባልንጀራውም መልካሙን ወስዶ ክፉውን ይተዋል።

አሁን የምናነበው በምዕራብ አፍሪካ፥ በናይጄሪያ አገር ስለሚኖር ኢሶኮ ስለሚባል ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ በውሃና በጫካ መካከል ይኖራል፤ ምድሩም ብዙ ሀብት አላት። ነገር ግን የምድር ሀብት ብቻውን ሰውን እንደማያስደስተው፥ ሀብት በረከት የሚሆነው በቅን ሲካፈሉት መሆኑን ከታሪኩ እንማራለን። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አገራቸው

የአፍሪካን ካርታ ዘርግታችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ኒጀር የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ታገኛላችሁ። ርዝመቱ 4,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ወንዝ ከጊኒ ተራሮች ይነሣል፤ መጀመሪያ ወደ በረሃው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደ ቀስት ታጥፎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በናይጄሪያ ምድር ወደ ባሕር ሲቃረብ እንደ እጅ ጣቶች ይከፋፈልና በብዙ አፍ ወደ ውቅያኖስ ይገባል። እንዲህ ያለውን ቦታ ዴልታ ይሉታል። ዴልታ የግሪክ ፊደል ስም ነው፤ ፊደሉ ሦስት ማዕዘን ስላለው፥ የወንዙም መከፋፈያ እርሱን ስለሚመስል ይህ ስም ተሰጠው።

ኒጀር ከተከፈለባቸው ቅርንጫፎች አንዱ ፎርካዶስ ይባላል። የኢሶኮ አገር ከዚህ ቅርንጫፍ በስተ ሰሜን ነው። በሰሜንና በምዕራብ ኡርሆቦ የሚባሉ ሰዎች ይጎራበቱአቸዋል፤ በደቡብ በታንኳ የሚመላለሱት ኢጆዎች ይኖራሉ፤ በምሥራቅ ደግሞ ኡክዋኒዎች አሉ። በ1991 የዴልታ ክፍለ ሀገር ሲቋቋም የኢሶኮ አገር በዚያ ውስጥ ገባ። ዛሬ የኢሶኮ አገር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በሁለት አውራጃ ይተዳደራል፤ የሰሜኑ ዋና ከተማ ኦዞሮ፥ የደቡቡ ኦሌህ ነው። ከእነዚህም ሌላ ኡዜሬ፥ ኦሎሞሮ፥ ኢሪ፥ አቪያራ፥ ኢግቢዴና ኤሜቮር የሚባሉ ከተሞችና መንደሮች አሉ።

አገሩ ዝቅተኛና ሜዳ ነው፤ ተራራ የሚባል አይታይበትም። ሙቀቱ ጽኑ ነው። ዝናሙ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንማል። ወንዙም በክረምቱ መጨረሻ ይሞላና ከአፋፉ አልፎ ወደ ሜዳው ይፈስሳል። ውሃው ሲመለስ በየጎድጓዳው ኩሬና ረግረግ ትቶ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ በጋ ይሆናል፤ ከሰሐራ በረሃም ሐርማታን የሚባል ደረቅና አቧራ የተሞላ ነፋስ ይመጣል። ቀድሞ ቤታቸው ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑ የዘንባባ ቅጠል ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎች በሲሚንቶ ጡብ ሠርተው በቆርቆሮ ይከድናሉ።

2. እርሻቸውና ምግባቸው

የኢሶኮ ሰዎች አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ዋና እህላቸው ከምድር በታች የሚያድግ ሥር ነው። አንደኛው ቦዬ ነው፤ እኛም አገር በደቡብ ይበላል። ሁለተኛው ካሳቫ የሚባለው ነው። ካሳቫ በመጀመሪያ የአፍሪካ ተክል አልነበረም፤ የፖርቱጋል መርከበኞች ከ400 ዓመት በፊት ገደማ ከብራዚል አገር አምጥተው በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ተከሉት። ዛሬ ግን በዓለም ካሉ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ካሳቫ የሚያመርት ናይጄሪያ ነው። ከዚህም ሰው መልካም ነገር ከሩቅ አገር ቢመጣም ተቀብሎ የራሱ ሊያደርገው እንደሚችል ዕወቁ።

መራራው ካሳቫ እንዳለ ቢበሉት መርዝ አለው፤ ሰውን ያሳምማል፥ ሊገድልም ይችላል። የኢሶኮ ሴቶች ግን መርዙን ማስወገድ ያውቃሉ። መጀመሪያ ልጣጩን ልጠው ያጥቡታል። ቀጥሎ ሻካራ በሆነ ቆርቆሮ ላይ ይፍቁታል፤ ዛሬ በሞተር የሚፈጩም አሉ። የተፈቀውን በጆንያ ከተው ከባድ ነገር ይጭኑበታል፤ ውሃው ይንጠባጠባል፥ ሊጡም ለጥቂት ቀን እየቦካ ይቆያል። ከዚያ በወንፊት ነፍተው በሰፊ ምጣድ ላይ እያመሱ ያደርቁታል። ይህ ደቃቅ ምግብ ጋሪ ይባላል። ስሙ በቋንቋችን ፈረስ ከሚጎትተው ጋሪ ጋር ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው። ጋሪ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ መንገደኛ ይዞት ይሄዳል፤ የትምህርት ቤት ልጅም በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይበላዋል።

ከዚሁ ከካሳቫ ሌላም ምግብ ይወጣል። የተፈቀውን በውሃ አጥበው ያጣሩታል፤ ውሃው ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል። ይህን ነጭ ዱቄት ከትንሽ የዘንባባ ዘይት ጋር በእሳት ላይ ሲያማስሉት የሚሳብና ብጫ የሆነ ገንፎ ይሆናል። እንሰት ያለበት አገር ተወላጅ የሆናችሁ ልጆች ይህን በቶሎ ታስተውላላችሁ፤ የእናቶቻችሁ ቆጮ ተፍቆና ቦክቶ፥ ቡላውም ተጨምቆና ረግቶ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነውና። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ተመሳሳይ ጥበብ አገኙ። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ አእምሮ እንደ ሰጠ ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ገንፎ ባንጋ ከሚባል ወጥ ጋር ይበላል። ባንጋ የሚሠራው ከዘይት ዘንባባ ፍሬ ነው። የዘይት ዘንባባ ለሆሣዕና በጣታችን የምናስረው ቅጠል የሚገኝበት ዛፍ ዘመድ ነው። ፍሬውም እንደ ትልቅ ዘለላ ሆኖ ከዛፉ አናት ይወጣል። ወንዶች ወገባቸውንና ግንዱን በገመድ አስረው ወደ ላይ ይወጡና ዘለላውን ቆርጠው ይጥላሉ። ሴቶች ፍሬውን ቀቅለው በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያ በውሃ ያጥቡትና ጭማቂውን ከዓሣና ከበርበሬ ጋር ይቀቅሉታል። ዘይት ሲፈልጉ ደግሞ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት ይገፋሉ። ከዚህ ዛፍ የሚጣል ነገር የለም፤ ከፍሬው ዘይት፥ ከፍሬው ውስጥ ካለው ጠንካራ ዘር ሌላ ዘይት፥ ከግንዱ የሚጠጣ ጠጅ፥ ከቅጠሉ የቤት ክዳንና መጥረጊያ ይገኛል።

ይህ ቀይ ዘይት የአውሮፓን ነጋዴዎች ወደዚያ አገር አመጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ብዙ ፋብሪካ ተሠርቶ ስለ ነበር ለሳሙና፥ ለሻማና ለመኪና ማለስለሻ ዘይት ይፈለግ ጀመር። የኢሶኮ ሰዎች ዘይት በጎረቤቶቻቸው ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይወርድ ነበር። እንግሊዞችም ባሕር ዳሩን «የዘይት ወንዞች» ብለው ጠሩት፤ በ1885 ከጥበቃቸው በታች መሆኑን አወጁ። በ1914 የሰሜኑንና የደቡቡን አገር አንድ አድርገው ናይጄሪያ አሉት። ናይጄሪያም በ1960 ነጻነቷን አገኘች።

3. የጋራ ኩሬ

የወንዙ ሙላት ሲመለስ በኩሬና በረግረግ ውስጥ ብዙ ዓሣ ይቀራል። የኢሶኮ ሰዎች በበጋ ውሃው ሲጎድል ያጠምዱታል። አንዱ መረብ ይጥላል፤ አንዱ ከቀርከሃ የተሠራ ቅርጫት ያኖራል፤ ሌሎች ኩሬውን በግድብ ከፍለው ውሃውን በዕቃ እየቀዱ ያፈስሱና በጭቃው ውስጥ የቀረውን ዓሣ በእጅ ይለቅማሉ። የተረፈውን ዓሣ በጢስ አድርቀው ለክረምት ያኖራሉ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ከኩሬዎቹ አንዳንዶቹ የቤተሰብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የመላው መንደር ናቸው። የመንደር የሆነውን ኩሬ እያንዳንዱ ሰው በፈለገው ቀን ቢያጠምድበት ዓሣው ገና ትንሽ ሳለ ያልቅ ነበር። ብርቱው ሁሉን ይወስዳል፤ ደካማውና ባልቴቲቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ በኒጀር አፍ አገር የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ኩሬን ለጊዜው መዝጋትን ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ ቀን እስኪቆርጡ ድረስ ማንም አይነካውም። ቀኑ ሲደርስ ወንድ፥ ሴት፥ ሽማግሌና ልጅ በአንድነት ወርደው ያጠምዳሉ። ሰው ለጥቂት ጊዜ እጁን ስለ ሰበሰበ ሁሉም ይጠግባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ብቻውን አንድ ዓሣ የማይዝ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን መረብ ሙሉ ያወጣል።

የእርሻው መሬትም እንዲሁ ነው። ጫካው የዘመድ ወገን ሁሉ ነው፤ ለገበሬው ድርሻው ይሰጠዋል። አንድ ቦታ ጥቂት ዓመት ከታረሰ በኋላ ምድሩ እንዲያርፍ ይተውታል፤ ጫካም ይመለስበታል፤ ገበሬውም ሌላ ቦታ ያርሳል። ዛሬ ሰው ስለ በዛ መሬቱ እንደ ቀድሞው ብዙ ዓመት አያርፍም፤ አዝመራውም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳሉ።

4. ሽማግሌዎች፥ ሰላምታና ልብስ

የኢሶኮ ሰዎች በአንድ ንጉሥ ተገዝተው አያውቁም። ከአሥር የሚበልጡ ወገኖች አሉአቸው፤ እያንዳንዱ ወገን በራሱ ይተዳደራል። አንዳንዶቹ አባቶቻችን ከቤኒን መንግሥት መጡ ይላሉ፤ ሌሎቹ ከኢግቦ ወይም ከኢጆ አገር መጣን ይላሉ። ቋንቋቸው ግን ከቤኒን ሰዎችና ከኡርሆቦዎች ቋንቋ ጋር የአንድ አባት ልጅ ነው። በአንዳንዱ ወገን ኦቪዬ የሚባል ንጉሥ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ይመራል፤ እርሱም ኦዲዮ ኦሎግቦ ይባላል፥ ታላቅ ሽማግሌ ማለት ነው።

ሕዝቡ በዕድሜ በዕድሜ ይከፈላል። ወጣቶቹ መንገድ ይጠርጋሉ፥ ጫካ ይመነጥራሉ። ጎልማሶቹ ቀድሞ አገር ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገር ሰምተው ይፈርዳሉ። ሴቶችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እንግዲህ ሥራ የሌለው ዕድሜ የለም፤ ልጅም ልጅ ነኝ ብሎ አይቀመጥም።

ወጣት ሽማግሌን ሲያገኝ ጉልበቱን አጥፎ ሰላም ይላል፤ የሰላምታውም ቃል ራሱ ከመንበርከክ የወጣ ነው። ሽማግሌውም ተነሣ ብሎ ይመርቀዋል። እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ባለቤቱ የኮላ ፍሬና የሚጠጣ ነገር ያቀርባል፤ ከእርሱም ጋር ጥቂት ገንዘብ ያኖራል። እንግዳውም አመስግኖ ከራሱ ገንዘብ ጨምሮ ይመልሳል። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መስጠትና መቀበል በአንድነት ስለሚደረግ ወዳጅነትን ያጸናል።

ለበዓል ወንዶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሽርጥ ታጥቀው ሸሚዝ ይደርባሉ፤ ባርኔጣ ደፍተው በትር ይይዛሉ። ሴቶቹ ሁለት ሽርጥ አንዱን በአንዱ ላይ ይታጠቃሉ፤ ባንገታቸውና በእጃቸውም ከባሕር የሚገኝ ቀይ ዛጎል የሚመስል ጨሌ ያስራሉ።

ቀድሞ ከእንጨት የሚቀርጹት ኢቭሪ የሚባል ምስል ነበራቸው። ምስሉ ትልቅ አፍና ረዥም ጥርስ ያለው አውሬ ነው፤ በላዩም የሰው መልክ ይቀረጻል። ይህ ምስል የሰው ቁጣና ጠበኛነት ነው ይሉ ነበር። ጠበኛ ሰው ቁጣው መላ ቤቱን እንዳያጠፋ በምስሉ ፊት መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። እኛ ለእንጨት አንሠዋም፤ ነገር ግን አንድ እውነት እንደ ገባቸው እንመሰክራለን። ቁጣ በሰው ውስጥ የሚኖር አውሬ ነው፤ ያልያዙት እንደሆነ ጌታውን ይበላል።

5. የኤኒ ባሕር

የኢሶኮ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሁሉን የፈጠረ አንድ ልዑል አምላክ እንዳለ ያምኑ ነበር፤ ስሙንም ኦጌኔ ይሉታል። ዛሬ ክርስቲያኖቹ እግዚአብሔርን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ከዚህ እምነት ጋር ብዙ ፍርሃት ተቀላቅሎ ነበር፤ ይልቁንም ጠንቋይን ይፈሩ ነበር። ልጅ በድንገት ሲሞት፥ እርሻ ሲበላሽ፥ ሴት ስትመክን፥ ይህን ያደረገ ጠንቋይ አለ ይሉና ጎረቤታቸውን ይጠረጥሩ ነበር።

በኡዜሬ ኤኒ የሚባል ትንሽ ባሕር አለ። በጥንቆላ የተጠረጠረ ሰው ከሩቅም ከቅርብም አገር ወደዚያ ይወሰድና ባሕሩን እንዲሻገር ይታዘዝ ነበር። ተሻግሮ የወጣ ንጹሕ ነው ይባላል፤ የሰጠመ ግን በደለኛ ነው ይባላል። ልጆች ሆይ፤ እስኪ አስቡ። ዋና የማያውቅ ንጹሕ ሰው ምን ይሆናል? አሮጊት ሴትስ ምን ትሆናለች? ሙታን ለራሳቸው መከራከር አይችሉም፤ ስለዚህ የሰጠመው ሁሉ በደለኛ ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር ቀድሞ ሌባሻይ የሚባል ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ይባል ነበር። ስለዚህ በሌላ ሕዝብ ልንስቅ አይገባንም።

ይህ የኤኒ ፍርድ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ መንግሥት ተከለከለ። ነገር ግን ክፉ ልማድ በሕግ ቢከለከልም ጥርጣሬ ከልብ የሚወጣው በዕውቀት ነው። ልጅን የገደለው ወባ ወይም የቆሸሸ ውሃ መሆኑን የተማረ ሰው ጎረቤቱን አይከስም። ያላዩትን መመስከር፥ ያልመረመሩትንም መፍረድ ታላቅ ኃጢአት ነው።

6. ትምህርትና መጽሐፍ

በዚያው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ወደ ኢሶኮ አገር ገባ። የአገሩም ሰዎች ራሳቸው ከመንደር ወደ መንደር ወንጌልን አዳረሱ። ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት ትምህርት ቤት ተከተለ። ቋንቋቸው በላቲን ፊደል ተጻፈ፤ ከጊዜ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኢሶኮ ቋንቋ ታተመ። ቋንቋው ያልተጻፈለት ሕዝብ የአባቶቹን ነገር በአፍ ብቻ ይይዛል፤ ሽማግሌው ሲሞት ብዙ ነገር አብሮት ይቀበራል።

ከሚሲዮኑ መምህራን አንዱ ጄምስ ዌልች የሚባል እንግሊዛዊ በ1934 ስለ ኢሶኮ ነገድ ልማድ ጽፎ አሳተመ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ስለ ቤት ከእንግዳ ይልቅ ልጅ ያውቃል። ኦባሮ ኢኪሜ የሚባል የኢሶኮ ተወላጅ ተምሮ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሊቅ ሆነ፤ በ1972ም የኢሶኮን ሕዝብ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በልጁ ብዕር ስለ ራሱ ተናገረ። በኦዞሮ ከተማ የነበረው የሙያ ትምህርት ቤትም በ2021 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ ብሏል።

7. ከምድር በታች የተገኘው ዘይት

እስካሁን ስለ ዘንባባ ዘይት ተናግረናል። አሁን ስለ ሌላ ዘይት እንናገር፤ እርሱም ከምድር በታች የሚገኘው ጥቁር ዘይት፥ ማለት ነዳጅ ነው። በ1956 በኢጆዎች አገር ኦሎይቢሪ በሚባል መንደር ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። በ1958 ናይጄሪያ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። ጥቂትም ሳይቆይ በኢሶኮ አገር በኡዜሬና በኦሎሞሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነዳጅ ወጣ። ሰዎቹም ድህነታችን አለፈ ብለው ደስ አላቸው።

ነገር ግን ነገሩ እንደ ጋራው ኩሬ አልሆነም። በናይጄሪያ ሕግ ከምድር በታች ያለው ነዳጅ የመንግሥት ነው፤ ከላይ ያለው ገበሬ አያዝበትም። ነዳጁ በቧንቧ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ይጫናል። ቧንቧ በተሰበረ ጊዜ በዴልታው አገር ዘይቱ ወደ እርሻና ወደ ኩሬ ይፈስሳል፤ ዓሣው ይሞታል፥ ካሳቫውም ይበሰብሳል። የቧንቧው መሰበር አንዳንድ ጊዜ ከእርጅና ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ነዳጅ የሚሰርቁ ሰዎች ይበሱታል። ከነዳጁ ጋር የሚወጣውንም ጋዝ በአየር ላይ ያቃጥሉታል። እሳቱ ቀንና ሌሊት ስለሚነድ በአጠገቡ ያለ መንደር ጨለማን አያውቅም፤ ጢሱና ሙቀቱም ሰውንና ተክልን ይጎዳል። እንግዲህ በዚህ ቦታ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በእሳት ብርሃን ሲኖር በቤቱ ግን የኤሌክትሪክ መብራት ላይኖረው ይችላል።

የዴልታው ሕዝብ ስለዚህ ነገር ብዙ ዘመን አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታውም በከንቱ አልቀረም። በ1999 የወጣው ሕገ መንግሥት ከነዳጅ ከሚገኘው ገቢ ከመቶ ከ13 የማያንሰው ነዳጁ ለወጣበት ክፍለ ሀገር እንዲመለስ አዘዘ። በ2021 የወጣው የነዳጅ ሕግ ደግሞ ኩባንያዎች ለሥራቸው በየዓመቱ ከሚያወጡት ወጪ ከመቶ 3 ያህሉን በአካባቢው ላሉ መንደሮች ልማት እንዲሰጡ አዘዘ። ይሁን እንጂ የተሰጠው ገንዘብ መንደር ሳይደርስ በመንገድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሕግ መልካም ቢሆን እንኳ የሚፈጽመው ሰው ቅን ካልሆነ ለድኻ አይደርስም።

አሁን ሁለቱን አነጻጽሩ። ኩሬው ትንሽ ነው፤ ሀብቱም ጥቂት ዓሣ ነው፤ ግን ቀን ተቆርጦለት በጋራ ስለሚጠመድ ሁሉን ያጠግባል፥ ለሚመጣውም ዓመት ይተርፋል። የነዳጁ ጉድጓድ ትልቅ ነው፤ ሀብቱ እጅግ ብዙ ነው፤ ግን አንዱ ሲወስድ ሌላው ጉዳቱን ብቻ ስለ ተሸከመ ጠብንና ኀዘንን አመጣ። ስለዚህ የሀብት ብዛት ብቻውን አይጠቅምም፤ አካፋዩ ማን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚያካፍል መጠየቅ ይገባል።

8. ውሃ ሲቆጣ

ውሃ ለኢሶኮ ሰዎች እናት ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ይቆጣል። በ2012 በናይጄሪያ ታላቅ ጎርፍ ሆነ። በመላው አገር 363 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። በኢሶኮ አገርም እንደ ኡዜሬ ያሉ ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ያሉ ከተሞችና መንደሮች በውሃ ተከበቡ፤ ካሳቫውም ሳይነቀል በምድር ውስጥ በሰበሰ። በ2022 እንዲሁ ሌላ ታላቅ ጎርፍ መጣ፤ በመላው ናይጄሪያ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ የኢሶኮም መንደሮች እንደ ገና ተጎዱ።

በእነዚህ ጊዜያት ከፍ ባለ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ተቀበሉ፤ የትምህርት ቤት ክፍሎች ለተሰደዱት መጠለያ ሆኑ። ውሃው ሲመለስ ገበሬው ወደ ቤቱ ተመልሶ ግድግዳውን አደሰ፥ ካሳቫውን እንደ ገና ተከለ። ለመትከል የሚሆነውን ግንድ ጎርፍ የወሰደበት ሰው ካልወሰደበት ጎረቤቱ ይለምናል። ካሳቫ በዘር አይዘራም፤ ከግንዱ ተቆርጦ ይተከላል። ስለዚህ የጎረቤት ማሳ ለባለ እርሻው እንደ ጎተራ ነው።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ሕዝብ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፥ በጋራ የተሰጣችሁን በጋራ ጠብቁ። የትምህርት ቤታችሁ ጉድጓድ፥ የመንደራችሁ ምንጭና ጫካ የማንም አይደለም ብላችሁ አታበላሹት፤ የማንም አይደለም የሚባለው ሁሉ የሁላችሁ ነው። ሁለተኛ፥ ሳትመረምሩ በሰው ላይ አትፍረዱ፤ በኤኒ ባሕር የሰጠሙትን አስቡ። ሦስተኛ፥ አንድ ቀን አካፋይ ሆናችሁ ብትሾሙ፥ በኩሬው ዳር የቆመችውን ባልቴት አትርሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ጥያቄ

1. ኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አገር ስለ ምን ዴልታ ተባለ?
2. የኢሶኮ ሴቶች የካሳቫን መርዝ የሚያስወግዱት እንዴት ነው?
3. ከዘይት ዘንባባ ምን ምን ይገኛል?
4. የመንደሩን ኩሬ ለጊዜው መዝጋት ለማን ይጠቅማል?
5. የኤኒ ፍርድ ቅን ያልሆነው ስለ ምንድር ነው?
6. የጋራው ኩሬና የነዳጁ ጉድጓድ በምን ይለያያሉ?
7. በመንደራችሁ የሁላችሁ የሆነ ምን አለ? ማንስ ይጠብቀዋል?